የመጫወቻ ሽጉጥ በፖሊስና በፍርድ ቤት ፊት
ለዘነበወርቅ አካባቢ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

የካቲት 4 ቀን 1985 ዓ.ም. ከፍራንክፈርት ተነሥቶ በካይሮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የሉፍታንዛ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሳይደርስ ቀረ። ጉዞው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንድ የ20 ዓመት ኢትዮጵያዊ ወጣት ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብቶ ሽጉጥ ደገነና ወደ ምዕራብ እንዲዞሩ አዘዘ። አውሮፕላኑ ሃኖቨር ላይ ነዳጅ ሞላ፤ ከዚያም አትላንቲክን አቋርጦ ኒውዮርክ አረፈ። ወጣቱ ሽጉጡን ለካፒቴኑ ሰጥቶ በለውጡ የካፒቴኑን የፀሐይ መነጽር ተቀበለና እጁን ሰጠ። 94ቱ መንገደኞችና 10ሩ የበረራ ሠራተኞች አንዳች ጉዳት ሳይደርስባቸው ወረዱ። ሽጉጡ ሲመረመር በሩጫ ውድድር መነሻ ላይ የሚተኮሰው፣ ድምፅ ብቻ የሚያሰማው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ወጣቱን በአውሮፕላን ጠለፋ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ 20 ዓመት እስራት ፈረደበት።

ሰው ሊገድል በማይችል መሣሪያ 20 ዓመት ለምን? መልሱ ያለው በአብራሪዎቹ ወንበር ላይ ነው። ጭንቅላታቸው ላይ የተደገነው ነገር ጥይት ይተፋ አይተፋ እንደሆነ ማጣራት አይችሉም፤ ከኋላቸው ያሉትን ከመቶ የሚበልጡ ነፍሶች ይዘው ሙከራ ማድረግም አይችሉም። ሕጉ የመዘነው እነርሱ ያዩትንና ሊያምኑ የተገደዱትን ነው።

እንዲህ ያለው ማስፈራሪያ ሁልጊዜ በሰላም አያልቅም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 በሦስት ጠላፊዎች እጅ ሲወድቅ፣ ጠላፊዎቹ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ያነሡትን መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ይዘው ነበር፤ ቦምብም አለን ይሉ ነበር። ቦምብ የተባለው የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር በኋላ ታወቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግሞ ቢያስረዳም የሚሰማው አላገኘም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ ሲያርፍ በውስጡ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ።

የተከበራችሁ የዘነበወርቅ ነዋሪዎች፤ እነዚህ ሁለት ታሪኮች በሰማይ የሆኑ ናቸው። የዛሬው ትምህርት ጉዳይ ግን በመንገድ ላይ፣ በመናፈሻ፣ በሱቅ ውስጥና በሰው ቤት የሚሆነው ነው፤ እውነተኛ የሚመስል የመጫወቻ ሽጉጥ የያዘ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም ልጅ፣ ከታጠቀ ፖሊስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም የሚፈጠረው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየአገሩ ፍርድ ቤቶችን ለዓመታት አከራክሯል፣ ሕግም አስቀይሯል።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ኤርሶፍት የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ ተጀመረ። የጃፓን ሕግ ለግለሰብ ጠመንጃ መያዝን አጥብቆ ስለሚከለክል፣ የመሣሪያ ፍቅር ያላቸው ሰዎች መልኩን ይዞ ጉዳት የማያደርስ ምትክ ፈለጉ። ኤርሶፍት በስፕሪንግ፣ በጋዝ ወይም በባትሪ ኃይል ስድስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ የፕላስቲክ ፍሬ ይወረውራል። ፍሬዋ በጣም ቀላል ናት፤ ዓይን ካልመታች በቀር ክፉ ጉዳት አታደርስም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጓን አሻሽላ የእነዚህ መሣሪያዎች ኃይል ከ0.98 ጁል እንዳያልፍ ወሰነች።

ችግሩ ያለው ከኃይሉ ይልቅ በመልኩ ላይ ነው። የልጆች መጫወቻ ሽጉጥ ድሮ በቀለሙም በቅርጹም ከሩቅ ይለይ ነበር። የዛሬው ኤርሶፍት ግን ጥቁር ነው፤ አንዳንዱ አካሉ ብረት ነው፤ ካዝናው ይወጣል ይገባል፤ ላዩ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ክብደቱም ለእጅ እውነተኛውን ይመስላል። ከእውነተኛዎቹ ፋብሪካዎች ፈቃድ ተወስዶ የንግድ ምልክታቸው ሳይቀር የታተመበት አለ። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ብርቱካናማ ቀለበት ከተነቀለች፣ ዕድሜውን በሙሉ መሣሪያ የያዘ ሰውም ቢሆን ከርቀት ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል።

ያች ብርቱካናማ ምልክት የሕግ ትእዛዝ ናት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ የመጫወቻና የአምሳያ ሽጉጥ አፈሙዝ በደማቅ ብርቱካናማ ቀለም እንዲለይ አዘዘች። ሕጉ በጎ ሐሳብ ነበረው፤ ግን ምልክቱን ልጅ በጥፍሩ ወይም በቢላዋ ሊያነሣው ይችላል። እውነተኛ ሽጉጥ የያዘ ወንበዴም አፈሙዙን ብርቱካናማ ቀለም ቢቀባ ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ፖሊስ ምልክቱን ቢያይ እርግጠኛ አይሆንም፤ ባያይ ደግሞ ይተኩሳል።

የዚህ ዋጋ በክሊቭላንድ ከተማ ታየ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2014 የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በአንድ መናፈሻ ውስጥ ብርቱካናማ ምልክቱ የወለቀ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ይጫወት ነበር። አንድ ሰው ለፖሊስ ደወለ። ሽጉጡ ሐሰተኛ ሳይሆን እንደማይቀር ለስልክ ተቀባይዋ ነገራት፤ የያዘውም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሳይሆን እንደማይቀር ጨምሮ ተናገረ። ስልኩን የተቀበለችው ሠራተኛ ሁለቱንም ሳታስተላልፍ ቀረች። ለፖሊሶቹ የደረሳቸው መልእክት ሽጉጥ የያዘ ሰው አለ የሚል ብቻ ነበር። የፖሊሱ መኪና ሣሩን አቋርጦ ልጁ አጠገብ ድረስ ሄዶ ቆመ። መኪናው በቆመ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ጥይት ተተኮሰ፤ ልጁም በማግሥቱ ሞተ።

ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ፖሊሶቹ እንዳይከሰሱ ወሰነ። ከተማው በ2016 ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የተኮሰው ፖሊስ በ2017 ከሥራ ተሰናበተ፤ የተሰናበተበት ምክንያት ግን መተኮሱ ሳይሆን ሲቀጠር በሞላው ማመልከቻ ላይ እውነቱን አለመናገሩ ነበር። ስልክ ተቀባይዋ ስምንት ቀን ከሥራ ታገደች።

እነዚህን ውሳኔዎች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ኃይል ተጠቅሞ ሲከሰስ መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1989 በግራሃምና በኮነር ጉዳይ የተቀመጠው ነው። በቦታው የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ በዚያች ቅጽበት ምን ያይ ነበር ተብሎ ይጠየቃል፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ በተገኘ እውቀት አይፈረድበትም። ሽጉጡ መጫወቻ መሆኑ ከተኩሱ በኋላ የታወቀ ስለሆነ፣ በዚህ መለኪያ ፖሊሱ ብዙ ጊዜ ነፃ ይወጣል። መለኪያው ለፖሊስም ፍትሐዊ ነው፤ ጥያቄው ግን ከየትኛው ቅጽበት ጀምሮ እንለካ የሚለው ነው። ጥይቱ ከወጣባት ሴኮንድ ብቻ ከጀመርን የሁለት ሴኮንድ ታሪክ ይሆናል። ስልኩ ከተደወለበት ከጀመርን ግን መልእክቱን ያላስተላለፈች ሠራተኛም፣ መኪናውን ከርቀት ማቆም ሲችል ልጁ አጠገብ ያስጠጋው ሾፌርም ወደ ታሪኩ ይገባሉ።

ይኸው ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሎስ አንጀለስ አውራጃ ፖሊሶች አንድ ተፈላጊ ሲያድኑ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝና ሳያንኳኩ ከአንድ ቤት ጓሮ ወዳለች ትንሽ ጎጆ ገቡ። ውስጥ አንድ ሰውና ጓደኛው ተኝተው ነበር። ሰውየው አይጥ የሚመታበትን የአየር ጠመንጃ ከአልጋው ላይ አንሥቶ ሊያስቀምጥ ሲል ፖሊሶቹ 15 ጥይት ተኮሱ። ሁለቱም ክፉኛ ቆሰሉ፤ የሰውየው ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የሥር ፍርድ ቤቶች 4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ፈረዱላቸው። ምክንያታቸው ፖሊሶቹ ያለ ትእዛዝ በመግባታቸው አደጋውን ራሳቸው ጠርተውታል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2017 ይህን መንገድ ውድቅ አደረገ፤ ተኩሱ በራሱ ምክንያታዊ ከሆነ ቀድሞ በተሠራ ሌላ ጥፋት ሕገ ወጥ ሊሆን አይችልም አለ። ሆኖም ያለ ትእዛዝ መግባቱ ለጉዳቱ መነሻ ሆኖ እንደሆነ እንዲታይ ጉዳዩን መለሰው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2018 ካሣው እንዲከፈል ወሰነ። ከተኩሱ በፊት የተሠራው ስህተት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

የ13 ዓመቱ አንዲ ሎፔዝ ጉዳይ ደግሞ ሕግ አስወለደ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 2013 በሳንታ ሮዛ ከተማ ክላሽንኮቭ የሚመስል የኤርሶፍት ጠመንጃ ይዞ በእግረኛ መንገድ ሲሄድ፣ ከኋላው የመጣ ፖሊስ ጠመንጃውን ጣል ብሎ ጮኸ። ልጁ ድምፁን ሰምቶ ዞር ሲል ተተኮሰበትና ሞተ። ብርቱካናማው ምልክት እዚህም አልነበረም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ፖሊሱ ከክስ የሚከለልበት ምክንያት የለም፣ ጠመንጃው ወደ ፖሊሱ አልተደገነም ብሎ ማመን ይቻላልና ጉዳዩ በማስረጃ ይሰማ አለ። በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡ በ3 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ጨረሰ። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ ኤርሶፍት ከአፈሙዙ ሌላ ምላጩን በሚከልለው ቀለበትና በእጀታው ላይ ጭምር ደማቅ ቀለም እንዲኖረው አስገደደች።

እንግሊዝ የተከተለችው መንገድ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የጌቶች ምክር ቤት በፍርድ ሰሚነቱ አንድ አስገራሚ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። አንድ ዘራፊ ጣቶቹን በጃኬቱ ውስጥ ወድሮ ሽጉጥ አስመስሎ ሰው አስፈራራ። ከዝርፊያው ሌላ ሐሰተኛ መሣሪያ በመያዝም ተከሶ ተፈርዶበት ነበር። ዳኞቹ የሰው ጣት የገዛ አካሉ ነውና "የተያዘ ዕቃ" ሊባል አይችልም ብለው ይህኛውን ጥፋት ሰረዙለት። በዝርፊያው ግን ጥፋተኛነቱ ጸና። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ እውነተኛ የሚመስል መሣሪያ መሥራትን፣ ከውጭ ማስገባትንና መሸጥን ከለከለ። ለሙዚየም፣ ለቲያትር፣ ለፊልም፣ ኢንሹራንስ ላላቸው የኤርሶፍት ጨዋታ ማኅበራትና ለመሳሰሉት ብቻ በር ተወ። ለሌላው ሰው መጫወቻው እንደ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ባለ ደማቅ ቀለም፣ ወይም ከ70 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከ38 ሚሊ ሜትር ቁመት ያነሰ መሆን አለበት። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መሸጥም ክልክል ነው። የእንግሊዝ ሕግ ሸክሙን ከልጁና ከፖሊሱ ላይ አንሥቶ በአስመጪውና በነጋዴው ላይ አሳረፈው።

በኢትዮጵያ ሕግ ዓይን ነገሩ ምን ይመስላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 670 ውንብድናን ሲተረጉም፣ የኃይል ድርጊት ወይም ብርቱ ዛቻ መጠቀምን ይጠቅሳል። በመጫወቻ ሽጉጥ አስፈራርቶ ስልክ የቀማ ሰው "ጥይት አልነበረውም" ብሎ አያመልጥም፤ ተበዳዩን ያስፈራው ዛቻው ነውና። ምንም ሳይቀማ ሰውን በብርቱ ያስደነገጠም ቢሆን በአንቀጽ 580 ስለ ዛቻ በተደነገገው ሊጠየቅ ይችላል። እውነተኛውን መሣሪያ በተመለከተ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል።

ፖሊስን የሚመለከተው ድንጋጌ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 80 ይገኛል። ይህ አንቀጽ በፍሬ ነገር ላይ ስለሚፈጸም ስህተት ይናገራል። አንድ ሰው እውነታውን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ቢሠራ በተረዳው መጠን ይዳኛል። መጫወቻውን እውነተኛ መስሎት ራሱን ለመከላከል የተኮሰ ሰው እንደ ተራ ነፍሰ ገዳይ አይቆጠርም። ነገር ግን አንቀጹ በዚህ አያበቃም። በሙያውና በሁኔታው ሊወስደው ይገባ የነበረውን ጥንቃቄ ቢወስድ ኖሮ ስህተቱን ማስወገድ ይችል ከነበረ፣ በቸልተኝነት ይጠየቃል። በዚህ አገላለጽ የኢትዮጵያ ሕግ ከተኩሱ በፊት ያለውን ጊዜ ይመለከታል። ፖሊሱ ከምን ርቀት ቆመ? መሸሸጊያ ያዘ ወይ? ማንነቱን ተናግሮ አስጠነቀቀ ወይ? ለሰውየው መሣሪያውን የሚያስቀምጥበት ጊዜ ሰጠ ወይ? የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ባጸደቃቸው የኃይል አጠቃቀም መርሆዎች ውስጥም አሉ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለሁለት ወገን ይናገራል። አንቀጽ 2124 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ በፈጸመው ጥፋት የተጎዳ ሰው ከመንግሥት ካሣ መጠየቅ የሚችልበትን መንገድ ይከፍታል። ልጁ ራሱ ከ9 ዓመት በታች ከሆነ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ከሆነም እንደ አዋቂ አይቀጣም።

የፖሊስ ጥንቃቄ ከሥልጠና ይጀምራል፤ የአካባቢያችን ኮልፌ ከፖሊስ ሥልጠና ጋር ያላት ዝምድናም የቆየ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የወታደራዊ ትምህርት የተቀበሉት በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር። ያኔ ሠልጣኙ የሚማረው አተኳኮስንና የሰልፍ ጉዞን ነበር። ዛሬ በየትኛውም የፖሊስ ማሠልጠኛ ከዒላማ መምታት እኩል መሰጠት ያለበት ትምህርት ግን አለ። መኪናን ከርቀት ማቆም፣ ከሞተሩ ኋላ መከለል፣ በድምፅ ማዘዝ፣ መጠበቅ። ታሚር ራይስን ሊያድን ይችል የነበረው የአሥር ሜትር ርቀትና የአንድ ደቂቃ ትዕግሥት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጉዳዮች የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው፦ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካለው ሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያለው ሰው ይበልጥ ይጠየቅ። ልጁ ጊዜ አልነበረውም፤ የሚተኩሰው ፖሊስም ያለው ጥቂት ነው። አስመጪው ግን ኮንቴይነሩን ከማዘዙ በፊት ወራት አለው። የጉምሩክ መርማሪው ሣጥኑን ከፍቶ የሚያይበት ሰዓት አለው። ነጋዴው ከመደርደሪያው ላይ ምን እንደሚያስቀምጥ ይመርጣል። ወላጅ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ያስባል። አዛዡ መመሪያ ለመጻፍ ዓመት አለው። ሕግ አውጪው ደግሞ የሌሎች አገሮችን ሐዘን አንብቦ ቀድሞ ለመደንገግ ዕድል አለው።

ስለዚህ ጥሪው ለእነዚህ ሁሉ ነው። የሕዝብ ተወካዮችና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እውነተኛ የሚመስል የመጫወቻ ሽጉጥ ወደ አገር እንዳይገባ፣ የሚገባውም ሙሉ አካሉ ደማቅ ቀለም እንዲሆን የማያሻማ ድንጋጌ ያውጡ። በመርካቶም ሆነ በዘነበወርቅ፣ በአየር ጤናም ሆነ በቤቴል ለበዓል መጫወቻ የምትሸጡ ነጋዴዎች ጥቁሩን ትታችሁ ቢጫውንና አረንጓዴውን አምጡ። ወላጆች ልጆቻችሁ ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ በእጃቸው ያለውን እዩ፤ ጥቁር ሽጉጥ ከሆነ ከግቢ አይውጣ፤ ከእውነተኛ ፖሊስ ጋር ቢገናኙም ወዲያው መሬት ላይ አስቀምጠው እጃቸውን እንዲያሳዩ፣ እንዳይሮጡና እንዳይዞሩ አስተምሯቸው። በ991 የምትደውሉ ሰዎች መጫወቻ ወይም ልጅ ከመሰላችሁ ያንን ሳትዘነጉ ተናገሩ። ስልኩን የምትቀበሉ የፖሊስ አባላትም ያንኑ ቃል ሳትቀንሱ ወደ ቦታው ለሚሄዱት ባልደረቦቻችሁ አስተላልፉ።